ልጁን ገደለ ተብሎ የተፈረደበት አባት፦ የዣን ካላስ የሕይወት ታሪክ

በአንድ ቤት ውስጥ ማታ ሰው ሞቶ ቢገኝ ጎረቤቱ በሩ ላይ ተሰብስቦ መጀመሪያ የሚጠይቀው ማን ገደለው፣ ለምንስ ገደለው ብሎ ነው። እንዴት አድርጎ ገደለው ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ዛሬ የምናጫውታችሁ ይህ ሦስተኛው ጥያቄ በጊዜው በደንብ ሳይመረመር በመቅረቱ ሕይወቱን ስላጣ አንድ አባት ነው። ጥያቄው በሚገባ የተነሳው እሱ ከሞተ በኋላ ነበር።

ሰውየው ዣን ካላስ ይባላል። ፈረንሳዊ የጨርቅ ነጋዴ ነበር። ንጉሥ አልነበረም፣ ጦር አልመራም፣ መጽሐፍም አልጻፈም። ሆኖም ከሞተ ከ260 ዓመት በላይ ሆኖት እንኳ ያለ በቂ ማስረጃ ስለሚሰጥ ፍርድ በተነሳ ቁጥር ስሙ ይጠራል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምታገኟቸው ዓመታትና ወራት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

ትውልዱና ኑሮው

ዣን ካላስ ማርች 19 ቀን 1698 በደቡብ ፈረንሳይ፣ ካስትር ከምትባል ከተማ አጠገብ በምትገኝ ላካባሬድ በምትባል መንደር ተወለደ። ካደገ በኋላ ወደ ትልቋ ከተማ ወደ ቱሉዝ ሄዶ የጨርቅ ንግድ ጀመረ። ሱቁ ፊላትዬ በሚባለው የነጋዴዎች መንገድ ላይ ነበር። ከታች ሱቅና የዕቃ ማስቀመጫ ክፍል፣ ከላይ ደግሞ ቤተሰቡ የሚኖርበት ቤት ነበረ። በ1731 አን ሮዝ ካቢቤል የምትባል ሴት አገባ። እሷም በሃይማኖታቸው ምክንያት ከፈረንሳይ ተሰደው በእንግሊዝ አገር ከኖሩ ቤተሰቦች የተወለደች ነበረች። አራት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ። ካላስ ዝምተኛ፣ ዕዳውን በወቅቱ የሚከፍል፣ ከሰው ጋር የማይጣላ ነጋዴ ተብሎ ይታወቅ ነበር።

ነገር ግን በዚያን ዘመን የነበረውን ሁኔታ ሳናውቅ ታሪኩን ልንረዳው አንችልም። የፈረንሳይ መንግሥት ሃይማኖት ካቶሊክ ሲሆን የካላስ ቤተሰብ ፕሮቴስታንት ነበር። ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በ1685 ለፕሮቴስታንቶች ተሰጥቶ የነበረውን የእምነት ነፃነት ሻረ። ከዚያ ወዲህ የጸሎት ቤቶቻቸው ፈረሱ፣ ሰባኪዎቻቸውም ከተያዙ በሞት ይቀጡ ነበር። ጋብቻቸው በካቶሊክ ቄስ ፊት ካልተፈጸመ በሕግ ዘንድ እንደ ጋብቻ አይቆጠርም። ጠበቃ ለመሆንም የካቶሊክነት ማስረጃ ወረቀት ማቅረብ ግዴታ ነበር። ብዙዎቹ አገር ጥለው ተሰደዱ። የቀሩት በአደባባይ እንደ ሌላው ሰው መስለው፣ እቤታቸው ግን በር ዘግተው እንደ አባቶቻቸው ይጸልዩ ነበር። የካላስ ልጆችም የተጠመቁት በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን ያደጉት በወላጆቻቸው እምነት ነው።

በቤቱ ውስጥ ቪጊዬር የምትባል የቤት ሠራተኛ ነበረች። እሷ ጽኑ ካቶሊክ ስትሆን ልጆቹን በሙሉ አዝላ ያሳደገች ናት። ከወንዶቹ ልጆች አንዱ ሉዊ በእሷ ምክር ሃይማኖቱን ለውጦ ካቶሊክ ሆነና ከቤት ወጣ። አባትየው በጣም አዘነ። ሆኖም ሠራተኛዋን ከቤት አላባረራትም፤ ለልጁም፣ በገንዘቡ መጠን ክርክር ቢነሳም፣ መተዳደሪያ ይሰጠው ነበር። ይህን ነገር ልብ በሉልን፣ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

የበኩር ልጁ ሐዘን

የበኩር ልጁ ስም ማርክ አንቷን ነው። በ1732 ተወለደ። ትምህርት የሚወድ፣ ንግግር የሚያምርለት ወጣት ነበረ። ሕግ ተምሮ የመጀመሪያ ማዕረጉን አገኘ፤ ጠበቃ ለመሆን ግን የካቶሊክነት ወረቀት ተጠየቀ። እንዲሁ ለይስሙላ ወረቀቱን ማውጣትም ሃይማኖቱን መለወጥም አልፈለገም፤ ስለዚህ የተማረበት ሙያ በር ተዘጋበት። በንግድም እንዳይሰማራ አባቱ በሱቁ ውስጥ ሸሪክ ሊያደርገው አልወደደም። ወጣቱ በቀን ሱቅ ውስጥ ይቆማል፣ ማታ ማታ ደግሞ ቢሊያርድና ቁማር ወደሚጫወቱበት ቤት ይሄዳል። ዕድሜው ወደ 29 ሲጠጋ ሚስት የለውም፣ የራሱ ቤት የለውም፣ የራሱ ሥራም የለውም። ብቻውን መቀመጥ አዘወተረ፤ ስለ ሞት የሚናገሩ ጽሑፎችን እየመረጠ ያነብና ይደግም ነበር። ቤተሰቡ ይህን ያየ ነበር፣ ነገር ግን ጠባዩ ነው እያለ አለፈው።

የዚያች ምሽት ነገር

ኦክቶበር 13 ቀን 1761 ማታ ለእራት እንግዳ መጣ። ጎቤር ላቬስ የሚባል የ20 ዓመት ገደማ ወጣት ሲሆን የቱሉዝ ጠበቃ ልጅ ነው። ከቦርዶ ከተማ መጥቶ ወደ ወላጆቹ ለመሄድ ፈረስ ሲፈልግ የካላስ ቤተሰብ እራት እንዲበላ ጋበዘው። ከምሽቱ በ1 ሰዓት ገደማ አባት፣ እናት፣ ማርክ አንቷን፣ ታናሽ ወንድሙ ፒየርና እንግዳው ፎቅ ላይ ገበታ ቀረቡ። ሠራተኛዋ ወጥ ቤት ነበረች። ሁለቱ ሴቶች ልጆች ወደ ገጠር ሄደው ነበር፤ ዶና የሚባለው የመጨረሻው ወንድ ልጅም ኒም በምትባል ከተማ ንግድ ይማር ነበር።

ማርክ አንቷን ከእራት በኋላ ተነሳ። በወጥ ቤት በኩል ሲያልፍ ሠራተኛዋ በርዶት እንደሆነ ጠየቀችው። እሱም መቀዝቀዝ ሳይሆን መቃጠል እንደሚሰማው ነግሯት ወደ ታች ወረደ። እንደ ልማዱ ሊዝናና የወጣ መስሏቸው ማንም አልተከተለውም። የቀሩት እየተጨዋወቱ አመሹ።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ እንግዳው ተሰናበተ። ፒየር መብራት ይዞ ሊሸኘው አብሮት ወረደ። የሱቁ በር ክፍት ሆኖ አገኙት። ገብተው ሲያዩ ማርክ አንቷን ሞቷል። ጩኸታቸውን ሰምቶ አባት ወረደ፣ እናትም ተከትላ መጣች። አንድ የሐኪም ረዳት ተጠርቶ ሲመጣ አስከሬኑ ቀዝቅዞ አገኘው። የአንገት ልብሱን ሲፈታም የገመድ ምልክት አየ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ነው ቤተሰቡን ያጠፋው። በዚያን ዘመን ራሱን የገደለ ሰው ሬሳ እንኳ ይፈረድበት ነበር። አስከሬኑን በግንባሩ ደፍተው በመንገድ ይጎትቱታል፣ ሕዝብ ጭቃ ይወረውርበታል፣ ከዚያም ይሰቅሉታል፤ ንብረቱም ይወረሳል። አባትየው ልጁ በዚህ ዓይነት እንዳይዋረድ ብሎ ራሱን እንደሰቀለ እንዳይናገሩ ቤተሰቡን አዘዘ። ስለዚህ ሹሞቹ በጠየቋቸው ጊዜ ሁሉም ወለል ላይ ወድቆ እንዳገኙት ተናገሩ። አባት ይህን ያደረገው ከፍቅርና ከይሉኝታ የተነሳ ነው። ነገር ግን አስከሬኑ ላይ የገመድ ምልክት አለ፤ ቤተሰቡ ስለ ገመድ አንድ ቃል አልተናገረም። እንግዲህ ሰው ምን ይበል?

ወሬው

በሩ ላይ ብዙ ሕዝብ ተሰብስቦ ነበር። ከሕዝቡ መሐል አንድ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው፣ ልጁ ካቶሊክ ሊሆን ስለነበር አባቱ አንቆ እንደገደለው ጮኾ ተናገረ። ያች አንዲት ቃል በቂ ነበረች። ከአፍ ወደ አፍ ስትሄድ እያደገች ሄደች። ፕሮቴስታንቶች ሃይማኖቱን የሚለውጥ ልጃቸውን እንዲገድሉ ደንብ አላቸው ተባለ፤ ለዚሁ ጉዳይ ስብሰባ ተደርጓል ተባለ፤ ያ ወጣት እንግዳም ከቦርዶ የመጣው ለግድያው ነው ተባለ።

ዳቪድ ደ ቦድሪግ የሚባለው የከተማው ሹም ደረሰ። ስለ ሱቁና ስለ በሩ እዚያው በቦታው ላይ ሆኖ ጽሑፍ ማስያዝ ሲገባው ያን አላደረገም። ሱቁ ውስጥ ገዳይ ተደብቆ እንደሆነም በሚገባ አላስፈተሸም። የሕዝቡን ወሬ ሰምቶ አስከሬኑንም ቤተሰቡንም፣ እንግዳውንም ሠራተኛዋንም ጨምሮ ወደ ከተማው ምክር ቤት አስወሰደ። እነሱ የተጠሩት ለምስክርነት መስሏቸው ነበር። ቶሎ የሚመለሱ ስለመሰላቸው ፒየር ሲወጣ መብራት ትቶ ሊሄድ ነበር። አባትየው ወደዚያ ቤት ዳግመኛ አልተመለሰም።

ከሁለት ቀን በኋላ ቤተሰቡ እውነቱን ተናገረ። ማርክ አንቷንን በሱቁና በዕቃ ክፍሉ መካከል ባለው ባለ ሁለት ተከፋች በር ላይ፣ በተጋደመ የጨርቅ መጠቅለያ ዱላ ላይ ተንጠልጥሎ እንዳገኙት ገለጹ። ጊዜው ግን አልፎ ነበር። አንዴ የዋሸ ሰው ሁለተኛ ቢናገር ማን ያምነዋል?

በዚያ ላይ በየቤተ ክርስቲያኑ አዋጅ ተነበበ። አዋጁ ስለ ጉዳዩ የሚያውቅ ሰው ካለ እንዲመሰክር ያዛል። ነገር ግን የተጻፈው ልጁ ካቶሊክ ሊሆን እንደነበረ፣ ሊገድሉት እንደተማከሩና በዚያችም ማታ አንቀው እንደገደሉት አስቀድሞ እንደታወቀ ሆኖ ነው። ለቤተሰቡ የሚመሰክር ሰው አልተጠራም። ብዙ ሰዎች መጥተው መሰከሩ፣ አብዛኛው ግን ከሌላ የሰማውን ነበር የሚናገረው። ማርክ አንቷንን ለመለወጥ አዘጋጅቼው ነበር የሚል አንድ ቄስ እንኳ አልተገኘም። ይህ ሁሉ ሆኖ በኖቬምበር 1761 አስከሬኑ ስለ ካቶሊክ እምነት እንደሞተ ሰማዕት በታላቅ ሥነ ሥርዓት ተቀበረ። አንድ የካቶሊክ ማኅበርም በጸሎቱ ላይ የዘንባባ ዝንጣፊ ያስያዘውን የሰው አጽም በአደባባይ አቁሞ አሳየ። ልጁ ሰማዕት ከሆነ አባቱ ገዳይ መሆኑ ነው። ገና ፍርድ ሳይሰጥ በከተማው ሕዝብ ልብ ውስጥ ፍርዱ ተሰጥቶ ነበር።

እንዴት አድርጎ?

ውድ አንባቢያን፣ አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ደርሰናል። ካላስ ልጁን ገድሏል ከተባለ፣ እንዴት አድርጎ ነው የገደለው? ነገሩን እንደ ዳኛ ሆነን በየተራ እንየው።

አንደኛው ሐሳብ አባትየው ብቻውን ገደለው የሚል ነው። አባትየው በዚያን ጊዜ የ63 ዓመት ሽማግሌ ነበር። ልጁ ገና 29 ዓመት ያልሞላው ጎልማሳ ነው። ሽማግሌ አንድን ጎልማሳ በግድ ይዞ አንቆ ሊገድለው ቢነሳ ትግል መኖሩ የማይቀር ነው። ልብስ ይቀደዳል፣ ፊት ይቧጨራል፣ ዕቃ ይገለበጣል። እዚያ የተገኘው ግን ሌላ ነው። የማርክ አንቷን ኮት ተጣጥፎ ሱቁ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፣ ጸጉሩም አልተበታተነም፣ ከአንገቱ ምልክት በቀር ቁስል አልተገኘበትም። አስከሬኑን የመረመሩት ሐኪሞችም ሰውየው በሕይወት ሳለ መሰቀሉን፣ ይህንንም ራሱ ወይም ሌሎች እንዳደረጉት ነበር የጻፉት። ይህ ቃል ማንንም ገዳይ አያደርግም።

ሁለተኛው ሐሳብ ሁሉም ተባብረው ገደሉት የሚል ነው። ብዙ ሰው አንድ ሰው ሊያሸንፍ ይችላል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ተባባሪዎቹ እነማን ናቸው? እናቱ፣ ወንድሙ፣ በአጋጣሚ ለእራት የተጋበዘው እንግዳና ሠራተኛዋ ናቸው። ቅድም ልብ በሉልን ያልነው ለዚህ ነው። ሉዊን ወደ ካቶሊክነት የመራችው ራሷ ሠራተኛዋ ናት። አንዱን ልጅ ራሷ ያስለወጠች ሴት፣ ሌላውን ደግሞ ሊለወጥ ነው ተብሎ ሲገደል እንዴት ትተባበራለች? አባትየውስ ሃይማኖቱን የለወጠውን ልጅ ገንዘብ እየሰጠ ሲያኖር፣ ገና ይለወጣል የተባለውን እንዴት ይገድላል?

ሦስተኛው ነገር የጩኸቱ ሰዓት ነው። ጎረቤቶች በ3 ሰዓት ተኩል ገደማ ጩኸት ሰምተዋል። ከሳሾቹ ይህ የሟቹ ጩኸት ነው አሉ። ነገር ግን ወዲያው የተጠራው የሐኪም ረዳት አስከሬኑን ቀዝቅዞ ነው ያገኘው። እንግዲያው ሰውየው የሞተው ከጩኸቱ አስቀድሞ ነው፤ ጩኸቱም የገዳይና የሟች ሳይሆን ሬሳ ያገኙ የወንድምና የአባት ጩኸት ነው ማለት ነው።

በሌላ በኩል ከሳሾቹም ጥያቄ ነበራቸው። በሩ ሲወዛወዝ ዱላው እንዴት አልወደቀም? ራሱን ከሰቀለስ ቤተሰቡ ለምን መጀመሪያ ዋሸ? እነዚህ ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው። መልስ የሚገኝላቸው ግን ቦታውን በዚያችው ሌሊት በመለካትና በመመርመር ነበር። ሹሙ ደግሞ ያን አላደረገም። ከዚያ ወዲህ በጉዳዩ ላይ የጻፉ አንዳንድ የታሪክ ሰዎች ከውጭ የገባ ገዳይም ሊኖር ይችል ነበር የሚል ሐሳብ አንስተዋል። ይህም ቢሆን በጊዜው አልተመረመረም።

ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ነገር አለ። እነዚህ ሰዎች ማታውን በሙሉ አልተለያዩም። ስለዚህ ወይ ሁሉም ገዳዮች ናቸው፣ ወይ ማንኛቸውም አይደሉም። አንዱን ለይቶ ገዳይ፣ ሌሎቹን ንጹሕ ማድረግ አይቻልም። ፍርድ ቤቱ ግን ያደረገው ይህንኑ ነው።

ፍርዱና ሞቱ

ጉዳዩ በይግባኝ ወደ ቱሉዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሄደ። የከተማዋ መንፈስ በጣም የከረረ ነበር። በፌብሩዋሪ 1762 ሮሼት የሚባል የፕሮቴስታንት ሰባኪ እዚያው ቱሉዝ ውስጥ በሞት ተቀጣ። በዚሁ ዓመት ደግሞ በ1562 በከተማዋ ፕሮቴስታንቶች የተጨፈጨፉበት ቀን 200ኛ ዓመት ሊከበር ዝግጅት ይደረግ ነበር። ማርች 9 ቀን 1762 ከ13ቱ ዳኞች 8ቱ በካላስ ላይ የሞት ፍርድ ፈረዱ። ዳኞቹ በመጀመሪያ እሱን ብቻ የቀጡት በሥቃይ ብዛት ሥራውን አምኖ ተባባሪዎቹን ይናገራል ብለው ነው።

በማግስቱ ማርች 10 ቀን አስቀድመው በሥቃይ መረመሩት። ከዚያም ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ አደባባይ ወሰዱት። የእጆቹንና የእግሮቹን አጥንት በብረት ሰብረው በመንኮራኩር ላይ አጋደሙት። ሁለት ሰዓት በዚያ ከቆየ በኋላ አንቀው ገደሉት፣ ሬሳውንም አቃጠሉት። ካላስ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ንጹሕ ሰው መሆኑን ከመናገር አላቋረጠም። ማንንም አልከሰሰም፣ ዳኞቹንም አልሰደበም። አብረውት የነበሩት ሁለት የካቶሊክ መነኮሳት በአሟሟቱ ተደንቀው ይህንኑ መሰከሩ።

ዳኞቹ ግራ ተጋቡ። የጠበቁት ቃል አልወጣም። ከጥቂት ቀን በኋላ ፒየርን ከአገር እንዲወጣ ፈረዱበት፤ እናትየውን፣ እንግዳውንና ሠራተኛዋን ለቀቋቸው። ሁለቱ ሴቶች ልጆች ግን ከእናታቸው ተነጥቀው በየገዳሙ እንዲቀመጡ ተደረገ። ፒየርም አገር ሳይለቅ ወደ አንድ ገዳም ገባ፤ በኋላም አምልጦ ወደ ጄኔቭ ሄደ። አን ሮዝ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ልጇን፣ ባሏን፣ ቤቷን፣ ንብረቷንና የቀሩትን ልጆቿን አጣች።

ጥያቄውን ያነሳው ሰው

ዝነኛው ጸሐፊ ቮልቴር በዚያን ጊዜ 67 ዓመቱ ሲሆን በጄኔቭ አጠገብ ይኖር ነበር። ወሬውን የሰማው በዚያው በማርች ወር ነው። የሚገርመው እሱም መጀመሪያ ላይ የሰማውን አምኖ በሟቹ ሽማግሌ ላይ ቀለደ። በኋላ ግን አንድ የማርሴይ ነጋዴ መጥቶ ስለ ጉዳዩ ሲያጫውተው ልቡ ተጠራጠረ። ወደ ጄኔቭ ሸሽቶ የነበረውን ዶናን አስጠርቶ በአባቱ ቤት ስለነበረው ኑሮ ጠየቀው። አባቱ መቶት ያውቅ እንደሆነ፣ ሉዊ ሲለወጥ በቤቱ ምን እንደተደረገ መረመረ። ፒየር አምልጦ ሲመጣ ደግሞ ለረዥም ጊዜ ጠባዩን እንዲከታተሉት ሰው አደረገ። የሱቁን በር፣ ሰዓቱን፣ የእያንዳንዱን ሰው መቀመጫ ሳይቀር አጠና። እንግዲህ እንዴት አድርጎ የሚለው ጥያቄ በሚገባ የተመረመረው በዚህ መልክ ነው። በመጨረሻም ካላስ ንጹሕ መሆኑን አመነ።

ካመነ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ አልተኛም። ለሚኒስትሮች፣ ለመኳንንት፣ ለነገሥታት ደብዳቤ ጻፈ። ገንዘብ አወጣ፣ ገንዘብም አሰባሰበ። መበለቲቱን ወደ ፓሪስ አስልኮ ጠበቆች ቆሙላት። በ1763 ስለ መቻቻል የሚናገር ዝነኛ መጽሐፉን በዚሁ ጉዳይ ላይ ተመርኩዞ አወጣ። የአውሮፓ ሕዝብ ስለ አንድ ጨርቅ ነጋዴ ቤተሰብ ማሰብ ጀመረ።

ማርች 7 ቀን 1763 የንጉሡ ምክር ቤት ጉዳዩ እንዲታይ ፈቀደና የቱሉዝ ፍርድ ቤት መዝገቡን እንዲልክ አዘዘ። በጁን 1764 ፍርዱ ተሻረ። ለመጨረሻው ፍርድ የቤተሰቡ አባላት እንደ ሕጉ ለጥቂት ቀን ወደ እስር ቤት ተመልሰው መግባት ነበረባቸውና ገቡ። ማርች 9 ቀን 1765፣ ልክ የሞት ፍርዱ በተሰጠ በሦስተኛ ዓመቱ፣ አርባ ዳኞች በአንድ ድምፅ ዣን ካላስ ንጹሕ እንደነበረ ፈረዱ። ሚስቱ፣ ልጁ ፒየር፣ እንግዳውና ሠራተኛዋም ነፃ ወጡ። ንጉሥ ሉዊ 15ኛ ለቤተሰቡ 36,000 ሊቭር ሰጠ። ጉዳዩን ያጣደፈው ሹም ዳቪድ ደ ቦድሪግ በዚያው በ1765 ከሹመቱ ተሻረ።

ቮልቴር በ1778 ከብዙ ዘመን በኋላ ወደ ፓሪስ ሲመለስ በመንገድ ላይ የተሰበሰበው ተራ ሕዝብ ከድርሰቶቹ ይልቅ የካላስ ጠበቃ መሆኑን እያነሳ ተቀበለው። በ1787 ደግሞ ንጉሥ ሉዊ 16ኛ ፕሮቴስታንቶች ሃይማኖታቸውን ሳይለውጡ ጋብቻቸውንና ልጆቻቸውን በሕግ እንዲያስመዘግቡ ፈቀደ። አን ሮዝ ካላስ ይህን ሁሉ አይታ በ1792 ፓሪስ ውስጥ አረፈች።

ከታሪኩ ምን እንማራለን?

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ታሪክ የሩቅ አገርና የሩቅ ዘመን ታሪክ ነው። ሆኖም ወደ ቤታችን ይዘነው የምንገባው ነገር አለው።

በመጀመሪያ ወጣቱን እናስብ። የተማረበት ሥራ በር ተዘግቶበት፣ ቀኑ ባዶ ሆኖበት፣ ብቻውን ይቀመጥ የነበረ ልጅ ነበረ። ቤተሰቡ የሚወደው ቢሆንም ምን ሆነህ ነው ብሎ ቁጭ ብሎ ያነጋገረው ሰው አልተገኘም። በቤታችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ፣ ወንድም ወይም ባል ካለ ጠባዩ ነው ብላችሁ አትለፉት። ጠጋ ብላችሁ ጠይቁት። ሐዘኑ ከበዛም ሐኪም ዘንድ ውሰዱት፣ ይህ ነውር አይደለም። ራሱን የገደለውን ሰው ሬሳ የሚጎትት ሕግም ዛሬ የለም፤ ስለዚህ ያን የመሰለ ሕመም የሚደበቅበት ምክንያት የለም።

ሁለተኛ ሽማግሌውን እናስብ። የዋሸው ለክፋት ሳይሆን የልጁን ክብር ለመጠበቅ ነው። ያች አንዲት ውሸት ግን ለወሬኛው በር ከፈተች። በእኛም ዘንድ የቤት ገመና ከቤት አይውጣ የሚባል ነገር አለ፣ መልካምም ነው። ነገር ግን ፖሊስ ወይም ዳኛ ወይም ሐኪም በጠየቃችሁ ጊዜ ከሁሉ የሚሻለው ከመጀመሪያው እውነቱን መናገር ነው። ቋንቋው ካልገባችሁ ሳይገባችሁ አዎን አትበሉ፤ አስተርጓሚ ጠይቁ። ጠበቃ ማማከር እንደምትፈልጉም ተናገሩ። ሳትረዱት የምትፈርሙት ወረቀት አይኑር።

ሦስተኛ በሩ ላይ የተሰበሰበውን ሕዝብ እናስብ። ምናልባት አብዛኛው ክፉ ሰው አልነበረም። የሰማውን ደገመ እንጂ። ነገር ግን ከሺህ ሰው መሐል አንድ ሰው እንኳ ቆም ብሎ፣ ይህ ሽማግሌ ያን ጎልማሳ እንዴት አድርጎ ሊያሸንፈው ቻለ ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ነገሩ ሌላ መልክ በያዘ ነበር። እኛም ስለ ጎረቤታችን ወሬ በመጣልን ጊዜ፣ ወሬው ቀድሞ ከምናስበው ጋር ስለተስማማ ብቻ አንቀበለው። የነገረን ሰው ዓይቶ ነው ወይስ ሰምቶ? ነገሩ በእርግጥ እንዲህ ሊሆን ይችላል ወይ? ብለን እንጠይቅ። ቮልቴርን የሚያክል ሰው እንኳ መጀመሪያ ወሬውን አምኖ ነበር። የሚመሰገነው ቆም ብሎ እንደገና በመጠየቁ ነው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የዣን ካላስ እውነት ከሦስት ዓመት በኋላ ጠራ። ለሚስቱና ለልጆቹ ስማቸው ተመለሰላቸው። እሱ ግን ንጋቱን አላየውም። ስለዚህ ሰው ላይ ለመፍረድ አንቸኩል፤ የሞተ ሰው ንጹሕ ነበረ ቢባል ከመቃብር አይነሳምና።